በአማቴ አንገት ላይ የቀረው ማተብ

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ከመስታወት ጋር ማውራት በጀመረ ሰሞን፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ እየለበስኩ እሰማው ነበር። «እኔ ብርቱ ነኝ። የምፈልገው ሁሉ ወደ እኔ እየመጣ ነው» ይላል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ያፍራል፤ እየደጋገመው ሲሄድ ይጠነክራል። ከዚያ መስታወቱን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ይወጣና «ደህና አደርሽ?» ይለኛል፣ አንድ አልጋ ላይ እንዳላደርን ሁሉ።

አልሳቅኩበትም። ከዚያ በፊት የነበረውን ዝምታውን ስለማውቅ መሳቅ አልቻልኩም።

ባለቤቴ ሹፌር ነበር። ከረዳትነት ተነስቶ፣ ስንት ዓመት ለፍቶ የገዛት አንዲት አይሱዙ ነበረችው። ከሰቆጣ ወልዲያ እህልና ማር ያመላልስባት ነበር፤ በገበያ ቀን ደግሞ ፍየልና ሰው እላይዋ ላይ ተደባልቆ ይመጣል። በጦርነቱ ጊዜ መኪናዋ ተወሰደች። በኋላ አንድ የሚያውቀው ሰው መንገድ ዳር ተቃጥላ አየኋት አለው። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ከቤታችን የድንጋይ ግንብ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ማየት ሆነ ሥራው። ሰው ሰላም ሲለው ይመልሳል፤ ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፤ ሌላ ግን የለም። በእኔ የመምህርነት ደመወዝ መኖራችን አላስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ያ ዝምታ ነበር።

አንድ የድሮ ጓደኛው ነው በስልክ የአንድ አሰልጣኝ ንግግር የላከለት። አሰልጣኙ ሰው ሕይወቱን በሐሳቡ ይሠራል፣ ድህነትም በሽታም ከአእምሮ ነው የሚጀምረው፣ የምትፈልገውን በዓይነ ልቡናህ ሳለው፣ ዓለም ራሷ ታመጣልሃለች ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ቆይቶ ጢሙን መላጨት ጀመረ። ቆይቶ ደግሞ «የዛሬ ተማሪዎችሽ እንዴት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያን በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን አሰልጣኝም በልቤ መረቅኩት። ቆይቶም የሰፈራችንን ወጣቶች በግቢያችን እየሰበሰበ የሰማውን ያሠለጥናቸው ጀመር።

እኔም የራሴ ፍልስፍና ነበረኝ፤ እንደ እሱ ጮክ ብዬ አልናገረውም እንጂ። ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ ለራሴ «ብዙ አትጠብቂ፣ ብዙ አትጎጂም» እል ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ግን እግዚአብሔርንም ቢሆን ብዙ አልጠይቀውም። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሁሉን የሚጠብቅ፣ አንዷ ምንም የማትጠብቅ ሆነን እንኖር ነበር። ተዋደን ነው ግን የኖርነው።

ጾም ሊገባ ሲል የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩልን መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከጌታችን ሥዕል አጠገብ ባለቤቴ የለጠፋትን የአዲስ አይሱዙ ፎቶ ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይህስ የማን ሥዕል ነው?»

«የእኔ ነው አባ።»

«አንተማ ይኸው እዚህ ቆመሃል።»

«የወደፊት መኪናዬ ናት አባ። በየቀኑ እያየሁ ሳስባት ወደ እኔ ትመጣለች።»

አባ ትንሽ አሰቡና ለመኪናዋም ጠበል ረጩላት። «እሷም ትባረክ እንግዲህ» አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ ያቀረብኩላቸውን ቆሎ በእጃቸው እያንጓለሉ ባለቤቴን አዩት።

«ልጄ፣ ክርስቶስ ምን ጎደለበት?»

«ምንም አልጎደለበትም አባ። እኔ ነኝ መኪና የጎደለኝ።»

አባ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ሳቁ ሲበርድ አባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እውነትህን ነው። መኪናህ ጎድሎሃል፤ አምላክ ቢሰጥህ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሐዋርያው ታስሮ ሳለ ለአንዲት ከተማ ክርስቲያኖች የጻፈውን የአባትህ ልጅ ሆነህ አትረሳውም። ክርስቶስን ካገኛችሁ ወዲያ ሌላ አትደርቡበት እያለ ነው የሚለምናቸው። እነሱም እንደ አንተ ክርስቶስን አልተዉም ነበር፤ ጨመሩበት እንጂ።»

ባለቤቴ የቄስ ልጅ ነው። በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፤ አባ የሚሉትን መልእክት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። «አባ፣ እኔ እኮ ክርስቶስ አይበቃም አላልኩም» አላቸው። «ለነፍሴ እሱ ይበቃል። ለኑሮዬ ግን ጉልበት እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ተቀምጬ ስሞት ያስነሳኝ ይህ ነው።»

አባ አልተከራከሩትም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «በል ተነስተህ ማየቴ ይበቃኛል ለዛሬ» አሉና መስቀል አሳልመውን ሄዱ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አማቴ ታመሙ። አማቴ በጋዝጊብላ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እግራቸው አብጦ፣ መተንፈስ አቅቷቸው መንደሩ በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ አወጣቸውና ባለቤቴ ሰቆጣ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል፣ ሳንባቸው ውኃ ይዟል አለ። መድኃኒቱ እንደሚያቀልላቸው፣ ግን እንደማያድናቸው በደግነት ነገረን። ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ እኛ ቤት አመጣናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የኖርነው ያኔ ነው። እኔ የሰቆጣ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የእሳቸውን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ ከጥቂት ቃላት በላይ አልሰማም። እሳቸው አማርኛ ያውቃሉ፤ ሲደክማቸው ግን አማርኛውን ትተው በኽምጣና ይቀጥላሉ፤ እኔም እንደገባኝ ሆኜ «እሺ እማዬ» እላለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ «እሺ» ስላቸው ሳቃቸው መጣና ሳሉ። ለካ «ባልሽን ልውሰድብሽ?» ነው ያሉኝ።

መጋረጃውን ከፍተን በጎን በኩል ፀሐይ በሚያገኝበት አልጋ ዘረጋንላቸው። ተደግፈው እንጂ ተኝተው መተንፈስ አይችሉም። ባለቤቴ ከጎናቸው አይጠፋም። እግራቸውን ያሻል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ፀጉራቸውን እንኳ ለማበጠር ይሞክራል። ከዚያም በፍቅሩ ብዛት የሚያውቀውን ሁሉ ሊሰጣቸው ጀመረ።

«እማ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ በይ።»

«ጤነኛ ነኝ» አሉ አማቴ ለልጃቸው ታዝዘው፤ ወዲያው ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አታናግረኝ» አሉት።

«ውሸት አይደለም እማ። መጀመሪያ ታስቢዋለሽ፣ ከዚያ ይሆናል። በሽታን ካሰብሽ በሽታን ትጠሪያለሽ።»

አማቴ ይህን ቀልድ አድርገው አልወሰዱትም። በማግስቱ ባለቤቴ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ በእጃቸው ጠሩኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «ይህን በሽታ ያመጣሁት እኔ ነኝ? ክፉ አስቤ ነው?» ዓይናቸው ፈርቶ ነበር። «አይደለም እማዬ፣ ልብ ነው የደከመው» አልኳቸው። የልጃቸው ቃል ግን ከእኔ ቃል ይበልጥባቸው ነበር።

ሌላም ፍርሃት ነበረባቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሌሊት ጥላ ነገር እየመጣ አስጨንቋቸው፣ ሰው መክሯቸው ሰሃላ ከሚኖር አንድ ጸሐፊ ክታብ አሠርተው ነበር። በቀይ ቆዳ የተሰፋች ክታብ ናት፤ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረዋት ኖረዋል። የመንደራቸው ቄስ ክታቡን ካልፈታሽ አትቆርቢም ስላሏቸው፣ የቄስ ሚስት ሆነው ያን ሁሉ ዘመን ሳይቆርቡ ቆዩ። ክታቡን መፍታት ፈሩ፤ ቁርባኑንም ናፈቁ። ሆስፒታል ራጅ ሲነሱ ክታቡን አስወለቋቸውና በግርግሩ መሐል ጠፋ። ማተቡ ክር ስለሆነ ቀረላቸው። አማቴ ግን አንገታቸውን በዳሰሱ ቁጥር ባዶ ይሆንባቸዋል። «ያለ እሷ ያገኘኛል» ይሉ ነበር። ማን እንደሚያገኛቸው ስሙን አይጠሩም።

ባለቤቴ ክታብ የሚባል ነገር አይወድም። «እማ፣ ቆዳ ምን ያደርግልሻል?» ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ሁለቱን እያየሁ አዝን ነበር። እናት አንገቴ ላይ ያለውን ካልጠበቅኩ እጠፋለሁ ይላሉ፤ ልጅ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ካልጠበቅሽ ትጠፊያለሽ ይላል። በሁለቱም በኩል ጠባቂዋ ያቺ መተንፈስ ያቃታት ሴት ራሷ ነበረች። ይህን ለባለቤቴ ልነግረው አስቤ ተውኩት። ያን ያህል ሲወዳቸው እያየሁ እንዴት እነግረዋለሁ?

እንባቸውን ማየት ሲያቅተው ተሸነፈ። «እሺ፣ ሰሃላ ሄጄ አሠርቼልሽ እመጣለሁ» አላቸው። መንገዱ በአብዛኛው በእግር ነው፤ ስንቅ ቋጠርኩለት። ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ግን የአማቴ ትንፋሽ ከወትሮው የተለየ ሆነ። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። መድኃኒቱን ሰጠናቸው፤ ቀስ በቀስ መለስ አለላቸው።

«አትሂድ» አሉት። «ሳትመለስ ብሄድስ?»

«አትሄጂም እማ።»

«ብሄድስ? ምን ይዤ ነው የምሄደው? ክታቤም የለ፣ ሐሳቤም አልተስተካከለልኝ። ምን ይዤ?»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። የሚለውን አውቄው ነበር፤ በየጠዋቱ የምሰማው ነውና። ግን አልወጣውም። አንዱ እግሩ ተጫምቶ፣ ሌላው ባዶውን እንደሆነ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ያበጠ እግራቸውን በሁለት እጁ ያዘና በኽምጣና መናገር ጀመረ። ብዙ ተናገረ። እኔ ከሚለው ሁሉ ውስጥ የምለየው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ክርስቶስ። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ክርስቶስ ይላል። እንደገና ይሄዳል፣ ክርስቶስ። አማቴ ቁልቁል እያዩት ያዳምጡ ነበር። ቆይተው እጃቸውን አንስተው ራሱ ላይ አሳረፉ።

ውጭ ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ። ግንቡን ተደግፎ ያለቅስ ነበር።

«ምን አልካቸው?»

«በርቺ ልላት ነበር» አለኝ። «በምኗ ትበርታ? የምታስብበት ጉልበት፣ የምትይዝበት እጅ የላትም። የምሰጣት አጣሁ። ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ያዝ አይልም ነበር፤ ተይዘሃል ነበር የሚለው። ያንኑ አልኳት። ክታቡን የምትሸከሚው አንቺ ነበርሽ፣ ሐሳቡንም እኔ ነኝ ያሸከምኩሽ፤ ክርስቶስን ግን አትሸከሚውም፣ እሱ ነው የተሸከመሽ አልኳት። ኃጢአትሽንም፣ ሞትሽንም፣ ሌሊት የሚመጣብሽንም ድል አድርጎ ጨርሶታል፤ የሚቀር ሥራ የለም፣ አንቺ እረፊ አልኳት።»

ፊቱን በእጁ ጠረገና «ለእሷ ስናገር እኔ ነኝ የሰማሁት መሰለኝ» አለ። ወደ ቤት ተመልሶ ሁለተኛ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሰሃላ አልሄደም፤ አባን ሊጠራ ነው የሄደው።

አባ መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አማቴ የክታቡን ነገር፣ ሳይቆርቡ የኖሩበትን ዘመን ሁሉ በግማሽ አማርኛ በግማሽ ኽምጣና ተናዘዙ፤ እኛ ወጣ ብለን ቆየን። ስንመለስ አባ እንዲህ ሲሏቸው ሰማሁ።

«ታዲያ አሁን ምን ይከለክልሻል?»

«ባዶዬን እኮ ነኝ አባቴ።»

«ባዶሽን አይደለሽም። ማተብሽ አለ። ስትጠመቂ የታሰረልሽ ነው፤ ያኔም አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ እናትሽ ታቅፋሽ ነው የሄድሽው። አሁንም እንደዚያው ታቅፈን እንወስድሻለን።»

እንዳሉትም ሆነ። በእሑድ ማለዳ አማቴን በወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ወንበሩን በሁለት ዘንግ አስረን ተሸከምናቸው። ተሸካሚዎቹ ባለቤቴ በግቢያችን ሰብስቦ ያሠለጥናቸው የነበሩ የሰፈራችን ወጣቶች ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ አንዱ «ቀስ፣ ቀስ!» ሲል አማቴ ከላይ ሆነው «እኔ ሳልፈራ እናንተ ምን ሆናችሁ?» አሏቸው። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ባለቤቴም ከፊት ሆኖ ሳቀ።

ቅዳሴው ረጅም ነው፤ አማቴ ግን አልደከሙም። እኔ ከሴቶቹ መካከል፣ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ሊቆርቡ ሲሉ ሁለት ሰው ደግፎ አቆማቸው። ያቺ መቆም፣ መተንፈስ፣ ማሰብ እንኳ ያቃታት ሴት እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ስትቀበል አየሁ። ከእሷ የተፈለገ ሌላ ነገር አልነበረም። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ስንት ጊዜ ቆሜ ያየሁት ቁርባን ነው፤ ያን ቀን ግን ለእኔም መሆኑ ገባኝ። ብዙ አትጠብቂ ያልኩት ልቤ በአንድ ጊዜ ሁሉን ፈለገ፤ መፈለጉም አላሳፈረኝም።

ቤት ስንመለስ አማቴ የልጃቸው ትከሻ ላይ ራሳቸውን ጥለው፣ አፋቸው ከፈት ብሎ አንቀላፉ። ባለቤቴ ክንዱ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰም። ዝንብ ሲመጣ በዓይኑ ይጠቅሰኛል፤ እኔ አባርራለሁ።

በሽታቸው አልዳነም። እግራቸው ያብጣል፣ መድኃኒቱ ያጎድለዋል፣ ተመልሶ ያብጣል። ፍርሃታቸው ግን ሄደ። አንገታቸውን መዳሰስ ተዉ። ክረምቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ነበሩ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፣ እሳቸው ኽምጣና ያስተምሩኛል፤ ስሳሳት ከተማሪዎቼ የባስኩ መሆኔን ይነግሩኛል። የልጅነቱን ጉድ ሁሉ ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ከፍየል ጋር ተጣልቶ ለአባቱ ሊከስ መሄዱን ሲነግሩኝ ባለቤቴ «እማ፣ ተይ እንጂ!» እያለ ፊቱ ቀላ።

እሱም ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ማንም ተለወጥ ሳይለው ነው። ስልጠናውን ሲጠየቅ ለወጣቶቹ መሥራትን፣ በጊዜ መነሳትን፣ ተስፋ አለመቁረጥን አሁንም ይነግራቸዋል። በሽታና ድህነት የሐሳብህ ፍሬ ነው የሚለውን ግን ተወ። አንዱ ወጣት ለምን እንደተወው ሲጠይቀው «እናቴን አሳመመብኝ» ብሎ ነው የመለሰለት። ከዚያ በሰው መኪና ተቀጥሮ ወደ አበርገሌ እህል ማመላለስ ጀመረ። መንገዱ ክፉ ነው፤ አቧራ ለብሶ ሲመጣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። የራሱ መኪና እስከ ዛሬ የለውም። ሲያዝን አያለሁ፤ ማዘኑን አይደብቀኝም። አባ ዘንድ ሄደን ሁለታችንም ንስሐ ገባን፤ በኋላም አብረን ቆረብን።

አማቴ የሞቱት አደይ አበባ ባወጣ ሰሞን፣ በቀትር ነው። ሾርባ አጥጥቻቸው አፋቸውን እየጠረግኩላቸው ነበር። በኽምጣና አንድ ነገር አሉኝ፤ በዚህ ጊዜ ገባኝ። «ደክሞኛል፣ ልረፍ» ነው ያሉት። ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ነበር። ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ።

ሬሳቸውን ወደ ጋዝጊብላ፣ ባላቸው ወደተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን የወሰድነው የባለቤቴ አሠሪ በሰጠው መኪና ነው። ባለቤቴ ራሱ ነዳ። መንገዱ ካለቀበት ጀምሮ መንደሩ ወጥቶ ተሸከማቸው። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ባለቤቴ ከእነሱ ጋር ቆሞ፣ የልጅነት ዜማውን ሳይስት አብሮ ይል ነበር።

በማግስቱ ስንመለስ ዳገቱ አናት ላይ መኪናውን አቆመ። ወርዶ ከጀሪካኑ ውኃ እየቀዳ ፊቱን ታጠበ፣ ብዙ ቆየ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና መንደርተኞቹ የሰጡንን ጥቅልል ፈታ፤ የገብስ ዳቦና ማር ነው።

«ራበኝ» አለኝ። «እናቴን ቀብሬ እንዴት ይርበኛል?»

«እሳቸው ቢሆኑ ብላ ነበር የሚሉህ።»

«አዎ። ብላ ነበር የምትለኝ።»

ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። ከታች ሰቆጣ ፀሐይ ውስጥ ትታይ ነበር። ማሩ እጃችን ላይ እየፈሰሰ በላን።